ቁልፍ የሌላት ቅጂ

ታኅሣሥ 2

ዛሬ የጃለኔን አልበም መሸጥ ጀመርን። ጃለኔ ጌዶ ከተማ ውስጥ አስተማሪ ናት፤ ደሞዟን ስታጠራቅም ኖራ ያላትን ሁሉ አራግፋ ነው ያስቀዳችው። የፊተኛዋ ዘፈኗ በሳምንት ውስጥ ከሰው ሜሞሪ ወደ ሰው ሜሞሪ ስትዘል አልቃለች። ሁሉም ያውቃታል፣ የገዛት የለም። ይሄኛውም እንደዚያ ከሆነ መዝፈን አቆማለሁ ብላለች። ትናንት እጄን ይዛ "እትዬ ፍቅርተ፣ እንግዲህ ባንቺ ጥዬዋለሁ" አለችኝ።

ስለዚህ ቁልፍ አበጀንለት። ቁልፍ የምንለው ጋዲሳ የሠራውን አፕ ነው። ጋዲሳ ከሱቄ ጎን ኮምፒውተር ይጠግናል፤ እጁም ልቡም ንጹሕ ልጅ ነው። ዘፈኑ የሚከፈተው በገዢው ስልክ ላይ ብቻ ነው። ስልኩ በየሳምንቱ በኢንተርኔት ሄዶ ፈቃድ ካልጠየቀ ዘፈኑ ዝም ይላል። ጋዲሳ በመጀመሪያ ያሰበው እንዲህ አልነበረም። አንዴ ብቻ ይጠይቅ፣ የገዛ ሰውም ለቤተሰቡ ያካፍል ብሎ ነበር። እንቢ ያልኩት እኔ ነኝ።

"እትዬ ፍቅርተ፣ የገዛ ሰው ለእናቱ ቢያሰማ ምን አለበት?"

"ለእናቱ ያለ ለአገር ይበትነዋል" አልኩት።

እኔ አውቃለሁዋ! አባቴ በዚችው ሱቅ ካሴት ይሸጥ ነበር፤ እኔ ደግሞ ፍላሽና ሜሞሪ ከመጣ ወዲህ የሰው ዘፈን ስገለብጥ ነው የኖርኩት። የማን ነው ብዬ ጠይቄ አላውቅም። ያኔ ሥራው እንደዚያ ነበር። አሁን ሌላ ነው።

ታኅሣሥ 5

አፑ ከበር ላይ ካለው ትልቁ ስፒከር ጋር አልስማማ አለ። ሱቁ ዝም ካለ ማን ይገባል? ጋዲሳ ለስፒከሩ ብቻ ብሎ ቁልፍ የሌላት ቅጂ በፍላሽ አድርጎ ሰጠኝ። "ይቺ ከዚህ አትነቀል" አለኝ። እሺ አልኩ።

ድምፄንም አስገባሁባት። በሠርግ ዘፈኑ መሐል፣ ከበሮው ጋብ የሚልበት ቦታ አለ፤ እዚያ ላይ "ኮፒ መስማት ሌብነት ነው! ኦሪጅናሉን ከፍቅርተ ሙዚቃ ቤት፣ አምቦ መናኸሪያ ፊት ለፊት!" እላለሁ። ደጋግሜ ነው የተቀዳሁት፤ መጀመሪያ እየሳቅሁ አበላሸሁት። ድምፄ ያለው በዚያች ፍላሽ ላይ ብቻ ነው፤ የሚሸጠው ላይ አላስገባነውም። "ከፍሎ ያንቺን ጩኸት የሚሰማ የለም" ብሎ ጋዲሳ ሳቀብኝ።

እናቱ አዴ ጉዴ ጎመኗን ተሸክማ ወደ ገበያ ስትወርድ ቆማ ሰማች። "አካም ቡልቴ ፍቅርተ! እንደ ቄስ ገሠጽሽን እኮ!" አለችኝ። ሁልጊዜ ጠዋት ሳታቋርጥ በኦሮምኛ ሰላም የምትለኝ እሷ ናት። አፑ የልጇ ሥራ መሆኑን ስነግራት ስፒከሩን በመዳፏ ዳሰስ አደረገችው።

ታኅሣሥ 11

ሥራ በዛ። እግሬ አብጧል።

አረጋሽ መጣች፣ የጤና ጣቢያዋ ነርስ። ስልኳ ወድቆ ተሰብሮ አዲስ ገዝታለች። ዘፈኑን ድገሚልኝ አለች። ድሮ ቢሆን ይሄ አያነጋግርም ነበር። ሜሞሪ የጠፋበት ደንበኛ ሲመጣ መልሰን እንሞላለን፣ በላዩም አንድ ዘፈን ምራቂ እንጨምራለን። አሁን ግን ደንቡ ደንብ ነው፣ እንደገና ትገዣለሽ አልኳት።

"ፍቅርተ፣ ቲማቲም ስገዛ እንኳ አንድ ይመረቅልኛል። አንቺ የራሴን ትከለክይኛለሽ?"

"እኔ አይደለሁም፣ ቁልፉ ነው።"

"ቁልፉን ማን አዘዘው?"

ሰው ይሰማን ነበር። ዋጋውን ነገርኳት። ገዛች። ልጇ አያንቱ በጥር ታገባለች፤ "ለሠርጉ ይሆናል አይደል?" ብላ ጠየቀች። ምን ችግር አለው፣ ይሆናል አልኳት። ስትወጣ ቀልድ አስመስላ "ሌባ እናት ልጇን አታምንም" አለችና ሄደች።

ምን ማለቷ ነው? ለሌላው ሰው ስል አይደል እንዴ እንዲህ የምሆነው?

ታኅሣሥ 15

በችኮላ። ከበበው፣ የጌዶ መስመር ሚኒባስ ሾፌር፣ ፖስተሮቻችንን በነፃ ጭኖልኝ ሄደ። በየከተማው እለጥፋለሁ ብሏል፣ እግዜር ይስጠው። ስልኩ አሮጌ ስለሆነ አፑን አይቀበልም። እንዲህ የደከመልኝ ሰው ባዶ እጁን አይሄድም ብዬ ለመንገድ የሚሆነውን በፍላሹ ገለበጥኩለት። የስፒከሩን ነቅዬ ወዲያው መለስኩ። ተሳፋሪ እየጮኸበት ነበር። ከበበው የእኛው ሰው ነው።

ታኅሣሥ 27

ወጥቷል።

አንድ የጌዶ ነጋዴ ገብቶ ፖስተሩን አየና "ይሄማ አለኝ" አለ። የት ገዛኸው? "ማን ይገዛል? ሁሉም ጋ አለ" ብሎ ከስልኩ ሊከፍትልኝ ሲል እጁን ያዝኩት። አልሰማም አልኩት። የተሰረቀ ነገር ጆሮዬ ውስጥ አይገባም!

ማታ ጃለኔ ደወለች። ተማሪዎቿ በእረፍት ሰዓት ይዘፍኑታል። "ባንቺ ጥዬው ነበር" አለችኝ፣ ሌላ ነገር አላለችም። ገና ደርሷል፣ በዓሉ ግን አልጣመኝም።

ታኅሣሥ 30

ቁልፍ የሌላት ቅጂ ያለችው ሁለት ቦታ ብቻ ነው፣ እኔ ስፒከር ላይና ጋዲሳ ኮምፒውተር ውስጥ። የእኔ እዚሁ ናት፣ በዓይኔ አያታለሁ። ከበበው መኪናው ውስጥ ነው የሚሰማው፣ እሱን ምን አመጣው። ገዢን አትጨቁኚ፣ ሰውን እመኚ እያለ ሲከራከረኝ የነበረው ማነው? እንቢ ስለው ጊዜ ራሱ ከፈተው። ነገሩ ግልጽ ነው።

ጠዋት ጋዲሳን ጠራሁት። ቀስ ብዬ ልነግረው ነበር። ደንበኞች ቆመው ነበር፣ የባጃጅ ሾፌሮችም ነበሩ። ድምፄ ከፍ አለ፣ የማይገባ ቃልም ወጣኝ።

አልተቆጣም። "እትዬ ፍቅርተ፣ የወጣውን ቅጂ ሰምተሽዋል?" አለኝ።

"አልሰማም!"

"አንዴ ስሚው። ማሎ፣ አንዴ ብቻ" አለኝ። ማሎ ብሎ ሲለምነኝ እናቱን መሰለ።

እንዲህ ዓይኑን በጨው አጥቦ ሊያስረዳኝ ሲሞክር የባሰ ነደደኝ። እንደገና ጮህኩ። ከሰዓት በኋላ ዕቃውን ጠቅልሎ ሱቁን ዘጋ። ለጃለኔ ደወልኩና ነገርኳት፤ ሌባውን አወቅሁት አልኩ።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ። ይበል። የተናገርኩት እውነት ከሆነ ምን አመለጠኝ?

ጥር 3

አዴ ጉዴ መንገዱን ተሻግራ በዚያ ማዶ አለፈች። አላየችኝም ይሆናል።

ጥር 5

ዛሬም በማዶ። አይታኛለች።

ጋዲሳ አዲስ ዓለም ሄዶ አንድ ሞባይል ቤት ተቀጥሯል አሉ። የባጃጅ ሾፌሮቹ የዘጋው በር ላይ ተደግፈው "የሌባው ሱቅ" ሲሉ ሰማኋቸው። ቃሉ የእኔ ነው። ባለፈው እዚህ ላይ አልጻፍኩትም።

ጥር 9

ዳታ ከጠፋ ቆየ። ለምን እንደሆነ የሚነግረን የለም። ስልክ ይደወላል፣ ኢንተርኔት ግን የለም። ከጠዋት ጀምሮ ሰው በር ላይ ነው። የሁሉም ዘፈን ዝም ብሏል። ፈቃድ የሚጠይቅበት መንገድ ሲያጣ ቁልፉ ሁሉንም ዘጋቸው። አንዱ ሽማግሌ ስልካቸውን እያገላበጡ "ልጄ፣ ምን አጥፍቼ ነው?" አሉኝ። ምንም አላጠፉም። የከፈሉ ሰው ናቸው።

ያልከፈለው ደግሞ መናኸሪያው ውስጥ በአደባባይ ያስጮኸዋል። እነዚያ ዳታ ምን ያደርግላቸዋል? እኔ በሩን ዘግቼ ሬዲዮ ከፈትኩ።

ይሄን የሚፈታ አንድ ሰው ነው። ልደውልለት ስልኩን አነሳሁና አስቀመጥኩት። ምን ብዬ?

አረጋሽም መጣች። "ሠርጉ ደርሷል፣ የእኔም ዝም አለ።" እስከዚያ ይመለሳል አልኳት። ከየት አውቄ ነው? "ዲጄውን አስጠንቅቄዋለሁ። ልጄን በተሰረቀ ዘፈን አልድርም፣ የከፈልኩበት አለኝ ብዬዋለሁ" አለች። ምናለ ዝም ብትል።

ጥር 11

ለጥምቀት ወጣሁ። ወጣቶቹ የጃለኔን ዘፈን ይጨፍሩበታል፣ ግጥሙን ከጫፍ እስከ ጫፍ ያውቁታል። ጆሮዬን በነጠላ ሸፍኜ አለፍኩ። ከኋላዬ አንዲት ሴት "እሷ ናት እኮ" ስትል ሰማሁ፣ ከዚያ ሳቅ። ሌባ ያጋለጠች እሷ ናት ማለቷ ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ሳቁ ግን ምንድነው?

ጥር 18

ሁሉንም እጽፈዋለሁ። ካልጻፍኩት ነገ ሌላ መልክ እሰጠዋለሁ፣ ራሴን አውቃለሁ።

የአያንቱ ሠርግ ነበር። ድንኳኑ ጢም ብሏል። ሙሽሮቹ በር ላይ ደረሱ፣ ሚዜዎቹ ተሰለፉ። አረጋሽ ስልኳን ለዲጄው ሰጠችው። ሰካው፣ ነካካው። ምንም። ደግሞ ነካካው። "ከኢንተርኔት ጋር ያገናኙ ይላል" አለ፣ ማይኩ ክፍት ስለነበር ድንኳኑ በሙሉ ሰማው። ሙሽሪት ቬሏን ይዛ በር ላይ ቆመች። ልጆች ሳቁ። ከዚያ ትልቅ ሰዎችም ሳቁ። አረጋሽ ወደ እኔ ዞረች፣ እኔ ወደ ሳህኔ አቀረቀርኩ።

ከበበው ከመሐል ተነሳ። ሚዜዎቹን የጫነው እሱ ነበር። "ምን ችግር አለ፣ እኔ ጋ አለ!" ብሎ ፍላሽ ከኪሱ አወጣ። አረጋሽ ልትከለክል እጇን አነሳችና ልጇን አየቻት፤ እጇን መልሳ አወረደች።

ዘፈኑ ገባ። እልልታው ድንኳኑን ሊነቅለው ደረሰ። አያንቱ ፈገግ አለች። እኔም ትከሻዬ ሳላዝዘው ተነቃነቀ፤ እንዴት ያምራል! ያን ሁሉ ቀን ሸሽቼው ኖሬ ዛሬ ጆሮዬን ሰጠሁት። ከበሮው ጋብ አለ።

"ኮፒ መስማት ሌብነት ነው! ኦሪጅናሉን ከፍቅርተ ሙዚቃ ቤት፣ አምቦ መናኸሪያ ፊት ለፊት!"

ሰዉ ሁሉ አብሮ ነው ያለው። በቃሉ ያውቀዋል። ልጆቹ ጣታቸውን ወደ እኔ እየቀሰሩ ጮኹ። እየወደዱኝ፣ እየተጫወቱብኝ ነው፤ ምንም አላወቁም። ያወቀችው አረጋሽ ናት። በጭፈራው መሐል ቀጥ ብላ መጥታ አጠገቤ ቆመች።

"እኔ በገዛሁት ላይ ያንቺ ድምፅ የለም። ሁለቴ ገዝቼዋለሁ፣ አውቀዋለሁ። ይሄ ከየት መጣ?"

ከበበው ብርጭቆውን አንስቶ "እሷ ናት የመረቀችኝ! ፍቅርተ ናት!" አለ። "ለጌዶ ሾፌር ሁሉ አዳረስኩልሽ እኮ። ማስታወቂያ አይደል? ግዙ እያልሽ አይደል እንዴ የምትለፈልፊው?" ደስ ብሎታል። ሥራዬን የሠራልኝ መስሎታል።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ማለት ይሄ ነው። አገር የሰማውን እኔ ብቻ አልሰማሁም።

አረጋሽ አልጮኸችም። እኔ ጋዲሳን በሰው ፊት እንዳደረግሁት አላደረገችኝም። "ለከበበው ምራቂ፣ ለእኔ ደንብ" አለችና ወደ ልጇ ሄደች። ነጠላዬን ለብሼ በጓሮ ወጣሁ።

ጥር 19

አልከፈትኩም። አንድ ሰው አንኳኳ። ሲሄድ ጠበቅሁ።

ጥር 21

ስፒከሩ ላይ ያለችውን ፍላሽ ነቅዬ በእጄ ይዤ ዋልኩ። ከዚህ አትነቀል ብሎኝ ነበር። ለአረጋሽ የከለከልኩትን ለከበበው የሰጠሁት ምን ሆኜ ነው? ከበበውን ስለማውቀው። እኔ የማውቀው ሰው አይሰርቅም፣ የማላውቀው ሁሉ ይሰርቃል፤ ደንቤ ይሄ ነበር። ጋዲሳን ግን አውቀው ነበር። ሱቁን ስከፍት አብሮኝ የሚጠርገው እሱ ነበር።

ለጃለኔ ደወልኩና ሁሉንም ነገርኳት።

"እኔ ድምፅሽን ሰምቼው ነበር። የሚሸጠው ሁሉ ላይ ያለ መስሎኝ ነው።"

"የለም። የስፒከሩ ላይ ብቻ ነው።"

"ጋዲሳ ያውቃል?"

"እሱ ነው የቀዳኝ።"

"እንግዲያው እኔን ይቅርታ አትጠይቂኝ፣ መጀመሪያ እሱ ጋ ሂጂ። ለገዙት ሰዎች ደግሞ ክፈቱላቸው። የሰረቀው ይጨፍራል፣ የከፈለው ዝም ብሎበታል። እኔ ለማን ነው የዘፈንኩት?"

መዝፈን ታቆሚያለሽ ወይ ብዬ ልጠይቃት ፈልጌ ሳልጠይቃት ስልኩን ዘጋሁ።

ጥር 24

አዲስ ዓለም ሄጄ መጣሁ። ሚኒባሱ ውስጥ ዘፈኑ ነበር፣ እኔም ነበርኩበት። ሾፌሩ ከድምፄ ጋር አብሮ አለው። ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ሳብኩ።

ጋዲሳ መንገድ ዳር አንዲት ጠባብ ሞባይል ቤት ውስጥ የተሰበረ ስክሪን ይቀይራል። ሲያየኝ ብድግ ብሎ ወንበር ሰጠኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። እግሩ ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ይዞ አስቀመጠኝ።

"ታውቅ ነበር?" አልኩት።

"በመጀመሪያው ቀን ነው የሰማሁት። ያንቺን ድምፅ እኔ አጣዋለሁ?"

"ታዲያ ለምን ለጃለኔ አልነገርካትም? ለምን ለሰው አልተናገርክም?"

"አንቺን ስሚው አልኩሽ። ካልሰማሽ ምን ላድርግ? ሰው ፊት ሌባ ብለሽኛል። እኔም ሰው ፊት ሌባ ልበልሽ?"

ማልቀስ ጀመርኩ። ደንበኛ ገባ፣ ቻርጀር ጠየቀ፣ ሸጠለት። ከዚያ አፑን እንደሚያስተካክል ነገረኝ። ስልኩ አንዴ ብቻ ይጠይቃል፣ የገዛ ሰው ለቤተሰቡ ያካፍላል። መጀመሪያ ያለው ነው። ዳታ ሲመለስ የሁሉም ይከፈታል። ወደ አምቦ ትመለሳለህ ወይ አልኩት።

"እኔ ልመለስ እችላለሁ። እናቴ ናት እንጂ። ገበያ ላይ የሌባው እናት ይሏታል። ጎመን የሚገዛት ሰው ሚዛኗን ሳያምን ደግሞ ያስመዝናታል።"

ይሄን አላውቅም ነበር። መንገዱን ስትሻገር ኩርፊያ ብቻ መስሎኝ ነበር።

ጥር 27

ሱቁን ከፈትኩ። በዚያው ማይክ፣ ብቻዬን ተቀዳሁ። እየሳቅሁ አላበላሸሁትም። ከዚያ በትልቁ ስፒከር፣ መናኸሪያው ሲሞላ ለቀቅሁት፦

"እኔ ፍቅርተ ነኝ። የጃለኔን ዘፈን ያወጣሁት እኔ ነኝ። በራሴ እጅ ገልብጬ ሰጥቻለሁ። የአዴ ጉዴ ልጅ ጋዲሳ ንጹሕ ነው። በሐሰት ነው የከሰስኩት። ሌባዋ እኔ ነኝ።"

የባጃጅ ሾፌሮቹ ወደ ሱቄ ዞሩ። አንዱ አዲስ ማስታወቂያ ነው ብሎ ሳቀ። በሩ ላይ ቆሜ ነበር የማስደምጠው፣ ውስጥ መግባት መደበቅ መሰለኝ።

የካቲት 1

ዳታ ተመልሷል። ሽማግሌው መጥተው ከፈትኩላቸው። ለልጃቸው ልጅም ጫንኩላቸው፣ ያለ ክፍያ። ጃለኔ ሁለተኛ አልበም ስለማውጣቷ የምታውቀው ነገር እንደሌለ በመልእክት ጻፈችልኝ፤ ትምህርት ተዘግቶ፣ በነሐሴ እነግርሻለሁ ትላለች። ከዚህ በላይ አይገባኝም።

ጥፋቴን የተናገርኩበትን ቅጂ ለሾፌሮቹ ሁሉ ይዤ ዞርኩ። ቁልፍ የለውም፣ ክፍያ የለውም፣ ለመንገድ አሰሙት አልኳቸው። የተሰረቀው ዘፈን ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ጌዶን አዳረሰ፤ ይሄኛውን ግን የሚቀበለኝ አጣሁ። "ተሳፋሪ ዘፈን ነው የሚፈልገው" አሉኝ። ከበበው እንኳ ጫማውን እያየ ተቀበለኝና ኪሱ ውስጥ ከተተው። ያሰማው እንደሆነ አላውቅም።

የካቲት 4

ጠዋት ስጠርግ አዴ ጉዴ ጎመኗን ተሸክማ ከማዶ ስትመጣ አየሁ። ማዶውን ይዛ ታልፋለች ብዬ አጎነበስኩ። ተሻገረች። እደጃፌ ሸክሟን አውርዳ ትንሿን ስልኳን ዘረጋችልኝ።

"ስፒከርሽ ጎመን ተራ አይደርስም" አለች። "ያንን የልጄ ስም ያለበትን ጫኚልኝ።"

ሜሞሪዋን አውጥቼ ጫንኩላት። ከዚያ ስልኳን አቀበልኳት።

"ቁልፍ አለው?"

"የለውም አዴ ጉዴ። ለፈለጉት ይስጡት።"

ከፈተችው። ሁለታችንም ቆመን እስከ መጨረሻው ሰማነው። እንደገና አስጀመረችውና ድምፁን እስከሚችለው ጨመረችው፣ ስልኳን መቀነቷ ላይ ሻጠችና ሸክሟን እንዳነሳላት ጀርባዋን ሰጠችኝ። አነሳሁላት። ሰላም አላለችኝም።

ወደ ገበያው ቁልቁል ስትወርድ ከወገቧ ላይ ሌባዋ እኔ ነኝ ስል ይሰማኝ ነበር። የሄደችው ግን በእኔ በኩል ባለው መንገድ ነው።